ስለ ቤቶቨን የባላገር ሲምፎኒ

ልጆች ሆይ፤ ሉድቪግ ቫን ቤቶቨን የሚባል እጅግ የታወቀ የሙዚቃ ደራሲ ነበረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1770 ዓመት በጀርመን አገር ቦን በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ካደገ በኋላ ግን በቪየና ተቀመጠ። ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ጆሮው መድከም ጀመረ።

በ1802 ሐኪሙ በጸጥታ ስፍራ እንዲያርፍ ስለ መከረው ሃይሊገንሽታት ወደምትባል መንደር ሄደ። በዚያም ለወንድሞቹ ደብዳቤ ጻፈ፤ ነገር ግን አልላከውም፤ በ1827 ከሞተ በኋላ ከወረቀቶቹ መካከል ተገኘ። በአጠገቡ የቆመ ሰው ከሩቅ የዋሽንት ድምፅና የእረኛ ዘፈን ሲሰማ፥ እርሱ ግን ምንም አለመስማቱን፥ ከዚህም የተነሣ ፈጽሞ ተስፋ ሊቈርጥ እንደ ደረሰ፥ ያዳነውም ጥበቡ ብቻ እንደ ሆነ በዚያ ደብዳቤ ይነበባል።

ይኸው ሰው በ1808 ስድስተኛውን ሲምፎኒ ፈጸመ፤ ስሙንም የባላገር ሲምፎኒ አለው። ሲምፎኒ ማለት ብዙ ሙዚቀኞች ባንድነት የሚጫወቱት ረዥም ድርሰት ነው። በዚህኛው ቃል የለበትም፤ የሚዘምርም ሰው የለም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 22 ቀን በቪየና ቴአትር ቤት በሕዝብ ፊት ተሰማ፤ ቤቱ ብርድ ነበረ፥ ጨዋታውም አራት ሰዓት ያህል ስለ ቈየ አድማጮቹ ተቸግረው ነበር ይባላል።

ድርሰቱ አምስት ክፍል አለው። በሁለተኛው ክፍል ወንዝ ይፈሳል፤ በፍጻሜውም ፍሉት በሌሊት የምትዘምረውን ወፍ፥ ኦቦ ድርጭትን፥ ሁለት ክላሪኔቶችም ኩኩ የምትባለውን ወፍ መስለው ይጮኻሉ። ብዙ ሰዎች ይህን ይወዱታል። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የማዕበሉ ክፍል ነው። ባላገሮቹ ሲጨፍሩ ሳሉ ትላልቆቹ ባለ አውታር መሣሪያዎች እንደ ሩቅ ነጐድጓድ ያጕረመርማሉ፤ ቫዮሊኖችም እንደ ዝናም ጠብታ ጠብ ጠብ ይላሉ። ቀጥሎ ከበሮው በድንገት ይመታል። ከበሮው በሌሎቹ አራት ክፍሎች ከቶ አይነካም፤ ለዚህ ለአንዱ ብቻ ተጠብቆ ስለ ቈየ ሰውን ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ ቤቶቨን ድርሰቱ የሚታየውን ነገር ከመሳል ይልቅ የልብን ስሜት የሚገልጥ እንደ ሆነ ጽፎአል።

ዝናሙ ካባራ በኋላ፥ በመጨረሻው ክፍል፥ የእረኛው ዜማ ይመጣል። መጀመሪያ ክላሪኔት ብቻውን በቀስታ ያነሣዋል፤ ቀንደ መለከት ይቀበለዋል፤ ከዚያም ቫዮሊኖቹ ይዘው ምስጋና ያደርጉታል።