የይለፍ ቃልን ማመስጠር ብቻ ለምን አይበቃም?

የይለፍ ቃልን በግልጽ ጽሑፍ በመረጃ ቋት ማስቀመጥ አደገኛ መሆኑ በሰፊው ይታወቃል። ሆኖም «መፍትሔው ማመስጠር ነው» የሚለው የተለመደ ድምዳሜ ጎዶሎ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ በሁለት የታወቁ የመረጃ ዝርፊያዎች ላይ ተመሥርቶ ምክንያቱን ያስረዳል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ በተባለ የአሜሪካ ድርጅት ላይ የደረሰው ነው። ሰርጎ ገቡ በኤስኪውኤል ኢንጀክሽን፣ ማለትም ከተጠቃሚ በሚመጣ ግብዓት ውስጥ የመረጃ ቋት ትእዛዝ አስርጎ በማስገባት፣ የ32 ሚሊዮን ያህል ተጠቃሚዎችን የይለፍ ቃል ወሰደ። ቃሎቹ በግልጽ ስለ ተቀመጡ እነርሱን ለመፍታት ምንም ልፋት አላስፈለገም። ብዙ ሰው አንዱን የይለፍ ቃል ለኢሜይሉም ለሌላውም አገልግሎት ስለሚጠቀምበት፣ አደጋው በድርጅቱ ብቻ የሚወሰን አልነበረም። ዝርዝሩ ዛሬም የይለፍ ቃል መገመቻ ሆኖ ያገለግላል።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2013 በአዶቢ ላይ የደረሰው ነው። እዚህ ቃሎቹ ተመስጥረው ነበር። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ቁልፍ፣ ኢሲቢ በተባለው አሠራር ስለ ተመሰጠሩ፣ ተመሳሳይ የይለፍ ቃሎች ተመሳሳይ ውጤት ሰጡ። የተጠቃሚዎቹ ማስታወሻ ፍንጮችም በግልጽ ተጽፈው ነበር። በመሆኑም ተመራማሪዎች ቁልፉን ሳያገኙ፣ አንድ ዓይነት ውጤት ያላቸውን ሰዎች ፍንጮች ጎን ለጎን በማንበብ፣ በብዛት የተመረጡትን ቃሎች ለይተዋል።

ከሁለቱ የምንረዳው፣ ቁልፍ ያለው ምስጠራ ሁልጊዜ ሊፈታ የሚችል መሆኑን ነው። ማንነትን ለማረጋገጥ ግን የመጀመሪያውን ቃል መልሶ ማግኘት አያስፈልግም፤ የተሰጠው ቃል ከተመዘገበው ጋር መስማማቱን ማወቅ ይበቃል። ስለዚህ የተጠቃሚ የይለፍ ቃል ወደ ኋላ በማይመለስ የሃሽ ስልት መቀመጥ አለበት። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተለየ የዘፈቀደ ተጨማሪ፣ ማለትም ሶልት፣ ሲታከልበት ተመሳሳይ ቃሎች የተለያየ ውጤት ይሰጣሉ። እንደ ቢክሪፕትና አርጎን2 ያሉ ሆን ተብለው አዝጋሚ የተደረጉ ስልቶች ደግሞ እያንዳንዱን ግምት ውድ ያደርጉታል።

ፕሮግራሙ ራሱ ከመረጃ ቋቱ ጋር የሚገናኝበት የይለፍ ቃል ግን የተለየ ነው። ተመልሶ መነበብ ስላለበት ሃሽ ሊደረግ አይችልም። ይህ ተመስጥሮ፣ ቁልፉም ከፕሮግራሙ ኮድ ርቆ በሌላ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል።

አንድን ሥርዓት ለመመዘን ቀላል ጥያቄ አለ፦ የይለፍ ቃሉን ለረሳ ተጠቃሚ ያንኑ የቀድሞውን ቃል መልሶ ይልክለታልን? የሚልክ ከሆነ፣ የመረጃ ቋቱንና ቁልፉን የያዘ ሌባም ያንኑ ቃል ማንበብ ይችላል።