በመርዝ ጋዝ የተጎዳ ሳንባና የእኛ ጉንፋን

የዛሬው ትምህርት በተለይ በኢራቅ ኩርዲስታን፣ በኤርቢልና በሱለይማኒያ አካባቢ አረጋውያንን ለምትንከባከቡ ነው።

በሠራሁበት አንድ ቤት ሌሊቱን ሙሉ የሚያስሉ አባት ነበሩ። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፤ የሃላብጃ ሰው ናቸው። አንድ ክረምት ጉንፋን ያዘኝ። ካረፍኩ ደመወዜ ይቆረጣል ብዬ ፈርቼ ዝም አልኩ፤ እንደ ወትሮው ሻይ አቀረብኩላቸው፣ ትራሳቸውን አስተካከልኩላቸው። እኔ በአራተኛው ቀን ተሻለኝ። እሳቸው በሳምንቱ ሆስፒታል ገቡና ኦክስጅን ተደርጎላቸው ብዙ ቀን ተኙ። ምክንያቱን ልጃቸው የነገረችኝ ያኔ ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1988 የሳዳም ሁሴን አውሮፕላኖች ሃላብጃ ላይ የመርዝ ጋዝ ጣሉ። እስከ 5,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከመርዞቹ አንዱ የሰናፍጭ ጋዝ ነበር። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን በአያቶቻችን ላይ ከአውሮፕላን ያዘነበውም ይኸው ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም።

ይህ መርዝ ሲተነፈስ የአየር ቧንቧን የውስጥ ግድግዳ ያቃጥላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይሆንና ትናንሾቹ ቧንቧዎች ይጠባሉ። አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮችም ይጎዳሉ። ያልወጣ አክታ ይጠራቀማል፣ ጀርም ይራባበታል። ጤነኛ ሰው በሳንባው ትርፍ አቅም አለው። እንዲህ የተጎዳ ሰው ግን ደህና ነኝ በሚልበት ቀንም ያለውን ሁሉ እየተጠቀመ ነው፤ ለእኛ ቀላል የሆነ ጉንፋን በእሱ ላይ የሳንባ ምች ይሆንበታል።

መርዙ ዛሬ ከሰውየው ወደ አንቺ አይተላለፍም። ልብሱን ማጠብ፣ ዕቃውን መንካት አያስፈራሽ። ጉንፋን ግን ከአንቺ ወደ እሱ፣ ከእሱም ወደ አንቺ ይሄዳል።

ስለዚህ ሲያምሽ አትደብቂ። በኩርድኛ «ነኾሽም»፣ በዓረብኛ «አና መሪዳ» በዪ። እስኪሻልሽ ሌላ ሰው ያብላቸው። ሌላ ሰው ከሌለ ማስክ አድርጊ፣ ከመቅረብሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ መስኮት ክፈቺ። በየዓመቱ የሚሰጠውን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለእሳቸው እንዲያስወጉ ቤተሰቡን አስታውሺ፤ ለራስሽም ጠይቂ።

ጭስና ሽታም ይጎዳቸዋል። ዕጣን እሳቸው ባሉበት አታጪሺ። በረኪና የምትጠቀሚው ሌላ ክፍል ሲሆኑ ይሁን። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ በ1915 እ.ኤ.አ. በቤልጂየም ኢፕር ላይ ለጦርነት ውሏል። ያጋነንኩ እንዳይመስልሽ፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የአንቺንም ሳንባ ያቃጥላል።

አክታቸው ከበዛ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ለቤተሰቡ በዚያው ቀን ንገሪ። ትንፋሻቸው ከፈጠነ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ካለከለኩ፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካላቸው ወይም ከተደናገሩ ግን ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሺ። ትኩሳት እስኪመጣ አትጠብቂ፤ በሽማግሌ ላይ ላይታይ ይችላል። «ናትዋኔ ሀናሰ ብዳ» ማለት መተንፈስ አልቻሉም ማለት ነው። ሐኪም እስኪደርስ ቀጥ አድርገሽ አስቀምጫቸው እንጂ አታስተኛቸው። ቤት ውስጥ ኦክስጅን ካለ መጠኑን በራስሽ አትጨምሪ፤ እንዲህ ባለ ሳንባ ላይ ሲበዛም ይጎዳል። ከሻንጣሽ የተረፈ አንቲባዮቲክ ወይም የእንቅልፍ መድኃኒትም አትስጫቸው።

ታምሜአለሁ በማለትሽ ደመወዝሽ ከተቆረጠ ቀኑንና የተቆረጠውን ገንዘብ በደብተር ጻፊና ለእኛ ንገሪን። እኔ ያኔ የምነግረው ሰው አልነበረኝም።