ይቅርታና ተጠያቂነት፦ የሰውን ድካም ተቀብሎ አብሮ ማገልገል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከሰው ስሕተት፣ ከብረት ዝገት አይጠፋም ይላሉ አበው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስሕተቱ በራሳችን ኮሚቴ ውስጥ፣ ምእመናን ባዋጡት ገንዘብ ላይ ሲገኝ ግን ብዙ ጊዜ ከሁለት መንገዶች በአንዱ እንሄዳለን። አንዳንዶቻችን የተሳሳተውን ወንድም ስሙን አጥፍተን እናርቀዋለን፤ ሌሎቻችን ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ገመና እንዳይወጣ በሚል ነገሩን ሸፋፍነን እናልፈዋለን። ሁለቱም መንገዶች ከጌታችን ትምህርት የራቁ ናቸው። ይቅርታ ሰውን ከነድካሙ ይቀበላል፤ ጥፋቱን ግን ወደ ብርሃን አውጥቶ ያስተካክላል።

ድካማችን የታወቀ ነው

ቅዱሳት መጻሕፍት የአባቶችን ተጋድሎ ሲነግሩን ውድቀታቸውንም አልሸሸጉም። ዳዊት በኦርዮ ላይ የፈጸመው በደል፣ ጴጥሮስም ጌታውን ሦስት ጊዜ መካዱ ተጽፎልናል። ሐዋርያው ዮሐንስ ኃጢአት የለብንም የምንል ከሆነ ራሳችንን እንደምናስት ያስተምራል (1ኛ ዮሐ. 1፥8)። ቤተ ክርስቲያንም ንስሐን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርጋ የምትፈጽመው ልጆቿ ከተጠመቁ በኋላም እንደሚወድቁ ስለምታውቅ ነው።

ይቅርታ መሸፈን አይደለም

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ሁለት ነገሮችን አጣምሮ አስተምሮናል። የበደለንን ወንድም በመጀመሪያ ብቻውን፣ ባይሰማ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዎች ጋር፣ ከዚያም በቤተ ክርስቲያን ፊት እንድናነጋግረው አዘዘ (ቁ. 15-17)። ቀጥሎም ይቅርታችን በቁጥር እንዳይወሰን ለጴጥሮስ ነገረው (ቁ. 21-22)። ዘኬዎስም መዳን ወደ ቤቱ በገባበት ዕለት፣ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገብቷል (ሉቃ. 19፥8-9)።

ለምሳሌ አንድ ኮሚቴ ለምንጭ ማጎልበት ሥራ ገንዘብ አሰባሰበ እንበል። ገንዘብ ያዡ ልጁ በጠና ስለታመመበት ከዚሁ ገንዘብ ወስዶ አሳከመ፤ እመልሰዋለሁ ብሎም ዝም አለ። ሲሚንቶ የሚገዛበት ቀን ሲደርስ ጉድለቱ ታወቀ። ምን እናድርግ? ሰብሳቢው በመጀመሪያ ብቻውን ያነጋግረው። ካመነ፣ የሚመልስበት መጠንና ጊዜ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ለአዋጮቹም እውነቱ በጨዋነት ይነገራቸው። ውኃ ለመቅዳት ሩቅ የሚሄዱት እናቶችና ልጃገረዶች በዚህ ጉድለት ተበድለዋልና ኮሚቴው በእነርሱ ስም ብቻውን ምሬያለሁ ሊል አይገባውም። እኛም ራሳችንን እንጠይቅ፦ ልጁ ሲታመም ይህ ወንድም ችግሩን ለእኛ ለመናገር ስለ ምን አልደፈረም?

እዚህ ላይ ካህናት አባቶች የሚጠብቁት ድንበር አለ። ለንስሐ አባት የተነገረ ኃጢአት ምሥጢር ነውና ወደ ኮሚቴ ጉባኤ አይመጣም። ንስሐ አባቱ ልጁን ራሱ ሄዶ እንዲናገር፣ የወሰደውንም እንዲመልስ ይመክረዋል።

ጥንቃቄ አለማመን አይደለም

ሐዋርያው ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩት ድሆች ቅዱሳን የተሰበሰበውን ስጦታ አንድ ሰው ብቻ እንዲይዘው አላደረገም። ከቲቶ ጋር ሌሎች ወንድሞችን ላከ፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን አስቧልና (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)። ሙዳየ ምጽዋት በብዙ ዓይን ፊት ሲቆጠር፣ ወጪ በጣምራ ፊርማ ሲፈቀድ፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ ቅር የሚለን ካለን ይህን እናስታውስ። ሰው ደካማ መሆኑን በእውነት የተቀበለ ጉባኤ ወንድሙን ከፈተና ጋር ብቻውን አይተወውም።

የተመለሰውን እንዴት እንቀበል?

ይሁዳ ተጸጽቶ 30ውን ብር ወደ ቤተ መቅደስ በመለሰ ጊዜ የካህናት አለቆች ነገሩ እንደማያገባቸው ነግረው አሰናበቱት፤ እርሱም ሄዶ ታንቆ ሞተ (ማቴ. 27፥3-5)። ተስፋ መቁረጡ የራሱ ጥፋት ነው፤ የእነርሱ መልስ ግን መናዘዝን ለሚሰሙ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ጴጥሮስን ግን ጌታችን በባሕር ዳር እሳት አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አቅርቦ ተቀበለው። ካበላው በኋላ ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ በጎቹንም አደራ ሰጠው (ዮሐ. 21፥9-17)። ማዕዱም፣ ጥያቄውም፣ አደራውም አልቀሩም።

እኛም የተመለሰውን ወንድም ዛሬውኑ ይቅር እንበለው፤ በማዕድም በጸሎትም አንለየው። የገንዘብ ሣጥኑን ቁልፍ መልሶ መስጠት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መተማመን በጊዜና በሥራ ይታደሳል፤ እስከዚያው በሌላ አገልግሎት፣ ለምሳሌ በግንባታው የጉልበት ሥራ፣ ቦታ እንስጠው። ዲያቆኑ በቅዳሴ እርስ በርሳችን በሰላም እጅ እንድንነሣሣ ሲያውጅ፣ አጠገባችን ሊቆም የሚገባው ይህ ወንድም ጭምር ነው።

ለጉባኤ መወያያ

1. በአጥቢያችን ጥፋት ሲገኝ ማባረር ወይስ መሸፈን ይቀናናል? ለምን?
2. የገንዘብ አያያዛችን አንድን ሰው ብቻውን ከፈተና ጋር የሚተወው የት ላይ ነው?
3. ከአገልግሎት ርቆ የቀረ፣ ማንም ያልጠየቀው ወንድም ወይም እኅት አለን? ማን ሄዶ ያነጋግር?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።