ከደብዳቤው በፊት፦ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መቅረት

ባለፈው ዓመት አንዲት እናት የታጠፈ ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ቁምስናችን ካቴኪስት ዘንድ መጡ። ወረቀቱን ልጃቸው ከትምህርት ቤት ካመጣላቸው ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። እናቲቱ ፊደል ስላልቈጠሩ እንዲያነብላቸው የጠየቁት ያንኑ ልጅ ነው፤ እርሱም «ስለ ሰኔ ፈተና የተጻፈ ማስታወቂያ ነው» ብሎ ነበር ያነበበላቸው። ካቴኪስቱ ሲያነቡት ግን ልጁ አሥራ አንድ ቀን መቅረቱን የሚገልጽና ወላጅ ቀርቦ እንዲያነጋግር የሚጠራ ደብዳቤ ሆኖ ተገኘ። እናቲቱ አልተቈጡም፤ ወረቀቱን መልሰው አጥፈው ዝም አሉ።

ይህ በማንም ቤት ሊደርስ የሚችል ነው። የሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 2 እንደሚተርክልን፥ ማርያምና ዮሴፍ እንኳ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጃቸው ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ተጕዘዋል። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ዕድሜ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እኛም ጧት ደብተሩን ይዞ ሲወጣ ያየነው ልጅ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለናል።

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ይዘልቅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲ ግን 7ኛንና 8ኛን ለይቶ መካከለኛ ደረጃ አደረጋቸው። ይህ የስም ለውጥ ብቻ ለሚመስላቸው ወላጆች አንድ ነገር እናስታውስ። በታችኞቹ ክፍሎች አንድ መምህር ቀኑን ሙሉ ከልጆቹ ጋር ይውላል፤ ማን እንደ ጐደለ ወዲያው ያውቃል። ከፍ ባሉት ክፍሎች ግን መምህራኑ በየክፍለ ጊዜው ስለሚለዋወጡ፥ ጧት ስሙ ሲጠራ «አቤት» ብሎ ከዕረፍት በኋላ የሚሰወረውን ልጅ ቶሎ የሚያስተውለው የለም። ከዚህም በላይ እንደ አዲስ አበባ ባሉ ቦታዎች ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ያመለጠውን ትምህርት የጓደኛን ደብተር በመገልበጥ ብቻ መመለስ አይቻልም። በ8ኛው መጨረሻ ደግሞ ሕዝቡ ዛሬም ድረስ «ሚኒስትሪ» የሚለው ፈተና ይጠብቃል።

ልጆች ለምን ይቀራሉ? ሁሉንም ስንፍና ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ግን እውነት አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው፤ ቡና በሚለቀምበት አገርም የልጅ እጅ ይፈለጋል። የገበያ ቀን አለ። በሳምንት አንድ የገበያ ቀን ብቻ የሚቀር ልጅ ከአምስቱ የትምህርት ቀናት አንዱን ማጣቱን ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን? ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ከዘለቀ የዓመቱን ትምህርት አንድ አምስተኛ አጥቶ ነው ለፈተና የሚቀመጠው። ሴቶች ልጆቻችን የወር አበባ ሲመጣባቸው፥ ትምህርት ቤቱ ውኃና የተለየ መጸዳጃ ከሌለው፥ በየወሩ ቀናት ቤት ይውላሉ። ይህ በቤተ ክርስቲያን መጽሔት መጻፉ ቅር የሚያሰኛቸው ይኖሩ ይሆናል፤ ልጅቱ ምክንያቱን የምትነግረው ሰው አጥታ ከትምህርቷ መውጣቷ ግን የበለጠ ቅር ሊያሰኘን ይገባል። እናቶች ይህን ከልጆቻቸው ጋር ቀድመው ይነጋገሩበት። አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ መቅረት ስታበዛም የጋብቻ ወሬ በቤቱ ገብቶ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል።

እኛ ካህናትም የምንናዘዘው አለን። በአንድ ወቅት ለቁምስናችን ክብረ በዓል ዝግጅት ስንል የመዘምራኑን ልጆች ሦስት የትምህርት ቀናት በግቢያችን አዋልናቸው፤ ዘመሩ፥ ውኃ ቀዱ፥ ድንኳን ተከሉ። ከበዓሉ በኋላ የሒሳብ መምህራቸው መጡና በእነዚያ ቀናት ያስተማሩትን በትሕትና ነገሩን። ከክፍሉ ሩብ ያህሉ እኛ ዘንድ ስለ ነበሩ ትምህርቱን እንደ ገና ለመጀመር ተገደው ነበር። የምንመልሰው አልነበረንም። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። በሌሎች ቁምስናዎችም ይህ እንዲታሰብበት ወንድሞቻችንን እንለምናለን።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ የልጆች ቀዳሚ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስተምሯል። ቀዳሚ መሆን ግን ብቻን መሆን አይደለም። ስለዚህ በምዝገባ ጊዜ የክፍሉን ኃላፊ መምህር ስም ጠይቁ። ስልክ ከሌላችሁ የምታምኑትን ጎረቤት ስልክ አስመዝግቡ። ልጁ ቢታመም ያንኑ ቀን ወይም በማግሥቱ ለትምህርት ቤቱ ንገሩ፤ ጤና ጣቢያ ከሄደ ወረቀቱን አስይዙት። የልቅሶ ወይም የአጨዳ ግድ ቢመጣ እንኳ ቀድሞ የተነገረ መቅረት ያመለጠውን ለማካካስ መንገድ ይከፍታል፤ ትምህርት ቤቱ ሳያውቅ የተከማቸ መቅረት ግን የሚያልቀው በደብዳቤ ነው። በየሴሚስተሩ የሚመጣውን ካርድ ስንመለከት ዓይናችን አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ደረጃው ነው፤ «ስንተኛ ወጣህ?» እንላለን። በዚያው ካርድ ላይ የቀረበት ቀን ብዛት የሚጻፍበት ቦታም አለ፤ እርሱን አንብቡ። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራም አባቶች እናቶችን ብቻ አትላኩ።

ለእናንተ ለካቴኪስቶች የምንለው አጭር ነው። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ደብዳቤውን እናንተ አንብቡላቸው፤ ያነበባችሁትንም ምስጢር ጠብቁ። የልጅ መቅረት ከቅዳሴ በኋላ በሕዝብ ፊት የሚነገር ማስታወቂያ አይደለም።

ያ ልጅ የቀረበት ምክንያት በኋላ ታወቀ። በእንግሊዝኛ የሚሰጠው የሳይንስ ትምህርት አልገባው ብሎ ሲጠየቅ የክፍል ጓደኞቹ ስለ ሳቁበት፥ ያ ትምህርት ባለበት ቀን ወንዝ ዳር መዋልን መርጦ ነበር። ይህን የሰማነው እናቱና ካቴኪስቱ አብረው የክፍሉን ኃላፊ መምህር ካነጋገሩ በኋላ ነው፤ መምህሩም ከፊተኛው ወንበር አስቀምጠው ከአንድ ጐበዝ ተማሪ ጋር አጣመሩት። ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲመጣ እናቲቱ ለካቴኪስቱ ሰጥተው፥ ከደረጃው በፊት የቀረበትን ቀን እንዲያነቡላቸው ጠየቁ። ሁለት ነበር።