ቤት ሲሸጥ ከቀለሙ ሥር ያለው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ትምህርት ስለ ቤት ሽያጭ ነው። «ይሄ የወላጆቻችን ጉዳይ ነው፤ እኛ ገና ተማሪዎች ነን» የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገር ግን አባታችሁ የሮዘተንቪሉን ቤት ለመሸጥ ሲወስን ከኤጀንቱ ጋር በእንግሊዝኛ የምትነጋገሩት፣ ኢሜይሉን የምታነቡት፣ ፎርሙን ቁጭ ብላችሁ የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። እሱ የሚፈርመው እናንተ ባስረዳችሁት ላይ ነው። ስለዚህ የሽያጩ አማና ከፊሉ እናንተ ጋ ነው።

ፎርም ያልኩት ተራ ወረቀት አይደለም። ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የንብረት ሽያጭ ባለሙያዎች ሕግ መሠረት፣ ሻጩ የቤቱን ጉድለት የሚገልጽ ፎርም ሞልቶ ሳይሰጥ ኤጀንቱ ቤቱን ለመሸጥ ውክልና መቀበል አይችልም። ፎርሙ ስለ ጣሪያው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ቧንቧው፣ ስለ ስንጥቅና ስለ ውኃ ስርገት፣ ስለ አጥር ክርክር፣ በኋላ ስለተጨመሩ ክፍሎችና ስለ ፈቃዳቸው ይጠይቃል። በመጨረሻም ከሽያጩ ውል ጋር ይያያዛል። ብዙ ሰው ሁሉም ላይ «የለም» ብሎ ቶሎ ይጨርሰዋል። እኔ ግን ከቤት ሽያጭ ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ ገጽ ይመስለኛል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ ክምር እህል አይተው እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ ጣታቸው እርጥብ ነካ። ባለ እህሉን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ታዲያ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም አሉት፤ የሚያታልል ሰውም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። ሙስሊም በሶሒሓቸው የዘገቡት ነው። ልብ በሉ፤ ሰውዬው እህሉን አላረጠበውም፣ ዝናብ ነው የመታው። የተወቀሰው ደረቁን ከላይ አድርጎ በመሸጡ ነው።

በሙያዬ መሐንዲስ ስለሆንኩ ይህን ሐዲስ ሳነብ የሚታየኝ የሮዘተንቪል ግድግዳ ነው። ከሰፈሩ ቤቶች ብዙዎቹ አሮጌ ናቸው፤ የጡብ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሥሩ ባዶ ቦታ ያለው የእንጨት ወለል። ጡብና ልስን ከመሬት ውኃ ይስባሉ። እርጥበቱ በግድግዳው ውስጥ ቀስ እያለ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ሲተን ጨው ይተዋል። ከዞኮሎው በላይ ቀለሙን የሚያስነሳውና ልስኑን የሚያረግፈው ነጭ ዱቄት ያ ጨው ነው። ይህን ለመከላከል ከመሠረቱ በላይ ውኃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይደረጋል፤ ንጣፉም ከውጭው መሬት ቢያንስ 150 ሚሊሜትር ከፍ ማለት አለበት። በአሮጌ ቤት ንጣፉ ተበጣጥሶ ይገኛል፤ ወይም ግቢው ሲሚንቶ በሲሚንቶ ላይ እየተደረበበት ከንጣፉ በላይ ሆኗል።

መድኃኒቱ ቀለም አይደለም። ግድግዳውን የታከከውን መሬት ዝቅ ማድረግ፣ የሚያፈሰውን አሸንዳ መጠገን፣ የጣሪያውን ውኃ ከግድግዳው ማራቅ፣ በወለሉ ሥር የተደፈኑትን የአየር ቀዳዳዎች መክፈት ነው። ከዚያ ልስኑ እንዲደርቅ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል፤ ወራት ሊወስድ ይችላል። ከውስጥ ውኃ የማያሳልፍ ቀለም ከተቀባ ግን እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከቀለሙ በላይ ወዳለው ግድግዳ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። በአገር ቤት ሐምሌ ዝናብ ነው፤ በጆሃንስበርግ ጁላይ ግን ደረቅ ብርድ ነው። ዝናቡ ከኦክቶበር እስከ ማርች ገደማ ይመጣል። በጁላይ ቤት ለማየት የሚመጣ ገዢ ደረቅ ግድግዳ ያያል፤ በጃንዋሪ ደግሞ እዚያው ግድግዳ ሥር አልጋውን ዘርግቶ ይተኛል። ይህም ደረቁ ከላይ፣ እርጥቡ ከታች እንደሆነው እህል ነው።

ታዲያ ቤት ከመሸጡ በፊት ቀለም መቀባት ሐራም ነው? አይደለም። ማጽዳት፣ ቀለም መቀባት፣ የተሰበረ መስታወት መቀየር፣ የተከማቸ ዕቃ ማውጣት የሻጭ መብት ነው፤ ዋጋም ይጨምራል። እኔ የምለየው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ገዢው አጠገቤ ቆሞ ቢያየኝ ይህን ሥራ እሠራው ነበር? የቆሸሸ ግድግዳ ስቀባ ቢያየኝ አላፍርም። ስንጥቁን በስቱኮ ደፍኜ ቁም ሣጥን ሳስጠጋበት ቢያየኝ ግን አፍራለሁ።

አንዳንዱ «ውሉ ላይ ፉትስቱትስ ተብሎ ተጽፏል፤ ስለዚህ አያገባንም» ይላል። ቃሉ የአፍሪካንስ ሲሆን ቤቱ እንዳለ ተሸጠ ማለት ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕግ ይህን አንቀጽ ይቀበላል፤ ሆኖም ጉድለቱን እያወቀ ሆን ብሎ የደበቀን ሻጭ አይከላከልለትም። በእኛ ዲን ተመሳሳይ ክርክር የተነሣው ገና በሶሓባዎች ዘመን ነው። ኢማም ማሊክ በሙወጠእ እንደዘገቡት ዐብዱላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ባሪያ ከጉድለቱ ነጻ ነኝ ብለው በ800 ዲርሃም ሸጡ። ገዢው ያልተነገረው በሽታ አገኘበት፤ ዑስማን (ረ.ዐ) ዘንድም ተካሰሱ። ዑስማን ኢብን ዑመር በሽታውን እንደማያውቁ በአላህ ይማሉ ብለው ፈረዱ። ኢብን ዑመር ግን ከመማል ይልቅ ባሪያውን መለሱ። በኋላ ባሪያው እሳቸው ጋ ዳነና በ1500 ዲርሃም ተሸጠ። ነጻ ነኝ የሚለው ቃል እያለም ዳኛው የጠየቀው ሻጩ ያውቅ እንደነበረ ነው። መዝሀቦች በዝርዝሩ ይለያያሉ። በሻፊዒ መዝሀብ ሚዛን በሚደፋው አቋም እንዲህ ያለው ቃል የሚሠራው ሻጩ ለማያውቀው የእንስሳ የውስጥ ጉድለት ብቻ ነው፤ ለቤት አይሠራም። የራሳችሁን ጉዳይ ዓሊም ጠይቁ።

በሮዘተንቪል ከእርጥበት ቀጥሎ የሚያስቸግረው ባክሩም ነው፤ አገር ቤት ሰርቪስ ቤት የሚባለው። ጓሮ ላይ ክፍል ተሠርቶ ይከራያል፤ ፕላኑ ግን በማዘጋጃ ቤት አልጸደቀም። የክፍሎቹን ኪራይ በማስታወቂያ ላይ እንደ ገቢ ጽፎ፣ ፎርሙ ላይ ፈቃዳቸውን አስመልክቶ ዝም ማለት አይያያዝም። የጸደቀ ፕላን ከሌለ እንደሌለ ጻፉ፤ ወይም ከመሸጡ በፊት አርክቴክት ቀጥራችሁ አስጸድቁ። ከ60 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቤት ላይ ለውጥ ለማድረግ የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንደሚያስፈልግም አትርሱ፤ እዚህ ሰፈር ይህ ብዙ ቤት ይመለከታል። ተከራዮችንም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በዚህ አገር ሕግ ኪራይ በሽያጭ አይፈርስም፤ ገዢው ከነተከራዩ ነው የሚረከበው። ለፎቶ ሲባል ሰውን በአንድ ሳምንት ውጣ ማለት በሕግም አያዋጣም፣ በአላህ ዘንድም በደል ነው።

በዋጋ ድርድር ወቅት ደግሞ «ሌላ ገዢ መጥቷል» የምትባል ውሸት አለች። የሌለ ገዢ መፍጠር፣ ወይም ዘመድ ልኮ ዋጋ እንዲያስወጣ ማድረግ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት ነጅሽ ነው። ኤጀንቱ ይህን በስማችሁ እንዳያደርግ በግልጽ ንገሩት።

የቀረው የወረቀት ሥራ ነው፤ ቀድማችሁ ከጀመራችሁት አያስቸግርም። የመብራት ብቃት ሰርተፍኬት ዝውውሩ ሲፈጸም ከሁለት ዓመት በላይ ያለፈው መሆን የለበትም። ባክሩሞች በማራዘሚያ ገመድ መብራት ከተሳበላቸው ባለሙያው አያልፋቸውም፤ ስለዚህ ከገዢው በፊት እሱን ጥሩ። ጋዝና የኤሌክትሪክ አጥር ካለ ለየራሳቸው ሰርተፍኬት ይጠየቃል። የከተማው አስተዳደር የውኃ፣ የመብራትና የግብር ዕዳ መከፈሉን የሚያረጋግጥ ወረቀት ሳይሰጥ ስም አይዛወርም፤ የተከራከራችሁበት ቢል ካለ ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ጨርሱት። ፎርሙን ደግሞ ኤጀንቱ ቢሮ ቆማችሁ አትሙሉት። ቤት ውሰዱት፤ ከአባታችሁና ከእናታችሁ ጋር ክፍል በክፍል እየዞራችሁ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ በአማርኛ እየነገራችኋቸው ሙሉት። ባለፈው ዝናብ ባልዲ የተቀመጠበትን ቦታ እናታችሁ ታስታውሳለች።