የሰረቀውና የፋቀው

በድሮ የብራና መጻሕፍታችን መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ገጽ ላይ አንድ የታወቀ ግዝት አለ። መጽሐፉን የሰረቀም የፋቀም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ነው። ልጆቼ፣ «የምንወደውን ኮሚክ ገጽ በቴሌግራም መላክ ኃጢአት ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችኋልና መልሱን ከዚህ ግዝት እንጀምር።

ግዝቱ የማይነካውን ሰው መጀመሪያ አስተውሉ። የገለበጠውን አይነካም። ከሌላ ደብር መጽሐፍ ተውሶ ቀለም በጥብጦ ወራት ሙሉ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ሥራው እንደ ጽድቅ ይቆጠርለት ነበር። ባይገለበጥ ኖሮ ዛሬ በእጃችን ምን መጽሐፍ ይኖር ነበር? የተወገዙት ሁለት ናቸው፤ መጽሐፉን ከባለቤቱ የነጠቀውና ጽሑፉን የፋቀው። በብዙ ብራናዎች ላይ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ተጽፎበት ይታያል። አባቶች ይህን ከስርቆት እኩል አድርገው አወገዙት።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። አንድ ልጅ የኮሚክ ገጽ ስክሪን ሾት ያነሣል። በሥዕሉ ግርጌ፣ በቀኝ ጥግ፣ የሠዓሊው ፊርማ አለ። ልጁ የምስሉን ጠርዝ በጣቱ ይዞ ፊርማው እስኪጠፋ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዚያ የቻናሉን ስም መሐል ላይ ያትምበትና ይለቀዋል። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። መፋቅ ማለት ይህ ነው። በምላጭ አልተፋቀም እንጂ ተፍቋል።

«የገለበጠው ካልተወገዘ እኛስ ምን አጠፋን?» የሚል አይጠፋም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። የዚያን ዘመን ደራሲ ብዙውን ጊዜ ገዳሙ የሚያበላው መነኩሴ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ግልባጭ ሽያጭ እንጀራ አይጠብቅም። የዛሬው የኮሚክ ደራሲና ሠዓሊ ግን የሚኖሩት ከዚያው ነው። በሥራት ደበበ ያቋቋመው ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን የሚባል የአዲስ አበባ ወጣት ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ተጽፎ፣ ተሥሎ፣ ቀለም ገብቶለት ለአንባቢ እስኪደርስ የብዙ ሰው ድካም አለበት። ቅጂው ካልተሸጠ ቀጣዩ ክፍል ከየት ይመጣል? የሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረትን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ሰማይ የሚጮኽ በደል አድርጎ ነው የሚያስተምረን።

እዚሁ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ቀኑን ሙሉ ያወጣውን ጥለት በማሽን አትሞ በርካሽ የሚሸጥ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚሰማው ከእናንተ ብዙዎቹ በቤታችሁ አይታችኋል። የሠዓሊውም ሕመም ይኸው ነው።

ጉለሌ ሩፋኤልን የምትሳለሙ፣ መልአኩ የሚገኝበትን የመጽሐፈ ጦቢትን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ጦቢት ዓይኑ ጠፍቶ ቤት ሲውል ሚስቱ ሐና በእጅ ሥራዋ ታኖረው ነበር። አንድ ቀን አሠሪዎቿ ከደመወዟ በላይ አንድ ጠቦት ጨመሩላት። ጦቢት የጠቦቱን ድምፅ ሲሰማ ከየት እንደመጣ ጠየቃት፤ የተሰረቀ እንዳይሆን ፈርቶ ለባለቤቱ እንድትመልሰው አዘዛት። እርሷ ንጹሕ ነበረችና ተቆጣች፤ ቁጣዋም እውነት ነበረው። ቢሆንም ድሀ ሆኖ፣ ዓይነ ስውር ሆኖ፣ ወደ ቤቱ በነጻ የገባውን ነገር «ከየት ነው?» ማለቱን አልተወም። እኛ ዓይን እያለን የመጣልንን ፒዲኤፍ ሁሉ ሳንጠይቅ እንከፍታለን።

የአገሩም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራው ሲፈጠር ጀምሮ ይጠብቀዋል፤ ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ሆነ ብሎ መብቱን የጣሰ በእስራት ይቀጣል። ለኅሊና ጉዳትም ካሳ ይከፈላል። ይሁንና ይኸው አዋጅ መጥቀስን ፈቅዷል፤ ከታተመ ሥራ ለዓላማው የሚበቃውን ያህል ወስዶ፣ ምንጩንና የደራሲውን ስም ጽፎ ማቅረብ ይቻላል። ስለዚህ ስለ አንድ ሥዕል ልትወያዩ፣ ልታደንቁ ወይም ልትተቹ አንዲት የሥዕል ሳጥን ከነሠሪው ስም ብታወጡ እኔ ኃጢአት አልለውም። እንዲያውም ለሠሪው አንባቢ ታመጡለታላችሁ። ሙሉውን ክፍል ገጽ በገጽ መልቀቅ ግን መጥቀስ አይደለም፤ መውሰድ ነው። «ለራሴ ነው የገለበጥኩት» የሚለውም ሺህ ሰው ላለበት ግሩፕ አይሠራም።

«መግዣ የለኝም» ለሚል ልጅ ልቤ ይራራል፤ ድህነት ኃጢአት አይደለም። ግን መንገድ አለ። ገንዘብ አዋጥታችሁ አንድ ቅጂ ግዙና ተዋዋሱት፤ ለአስር ሰው ቢደርስም የማንንም መብት አይነካም። ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዛችሁ ብትወርዱ አራት ኪሎ ላይ የአብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ገብታችሁ አንብቡ።

ለተበደሉት ደራስያንም ቃል አለኝ። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 የበደለህን መጀመሪያ ለብቻው ውቀሰው፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ ብሎ አስተምሯል። ቻናሉን የከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ሥራችሁን የሚወድ ልጅ ነው። በሕዝብ ፊት ከመስደባችሁ በፊት በውስጥ ጻፉለት። ሥራችሁን ሆነ ብሎ የሚቸበችበውን ግን ወደ ፍርድ ቤት መውሰድ መብታችሁ ነው፤ ይህን ማድረግ ይቅር ባይነትን አያፈርስም።

ንስሐ «ይቅር በለኝ» በማለት ብቻ አያልቅም። ዘኬዎስ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ባለ ጊዜ ነው መዳን ለቤቱ የተነገረለት። ከእናንተ ቻናል ያላችሁ ዛሬ ማታ ግቡና የፋቃችሁትን ስም መልሱ። ሙሉ ሥራ ለቃችሁ ከሆነ አውርዱት፤ ለባለቤቱ ጽፋችሁ ይቅርታና ፈቃድ ጠይቁ። ከፈቀደ ከነስሙ አውጡት፤ እምቢ ካለም እምቢታውን አክብሩ።