ብርድ ወይስ ጭስ?

አስም ያለበት ሰው ሲያስለው፣ ደረቱን ሲያፍነውና ሲር ሲር ሲያደርገው በአገራችን መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርድ ነው። ብርዱን ለመከላከልም መስኮት ይዘጋል፣ የበሩ ስር በጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ የከሰል ምድጃ ወደ ክፍሉ ይገባል። ክሱ ሐሰት ነው አልልም፤ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። ጥፋቱ ያለው መከላከያው ላይ ነው። ታማሚውን ከብርድ እናድን ብለን ከጭስ ጋር እንዘጋበታለን።

የአስም ታማሚ የአየር ቧንቧ ደህና በዋለበት ቀን እንኳ ግድግዳው በመጠኑ ያበጠ፣ ዙሪያውን የያዘው ጡንቻም በትንሽ ነገር የሚቆጣ ነው። ከናፍጣ መኪና፣ ከማገዶና ከከሰል የሚወጣው ደቃቅ ብናኝ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች፣ ማለትም ከፀጉር ዘለላ በብዙ እጥፍ የቀጠነ በመሆኑ አፍንጫ አያስቀረውም፤ ሳንባ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ሲደርስ እብጠቱን ያባብሳል፣ አክታ ያበዛል፣ ጡንቻውን ያኮማትራል። ብዙ ጊዜ «ሁላችንም የምንተነፍሰው አንድ አየር ነው፤ እኛ ምንም ካልሆንን እሱን ምን ነካው?» ሲባል ይሰማል። ጤነኛው ሳይታወቀው የሚያልፈው መጠን ታማሚውን የሚያፍነው ቧንቧው ቀድሞውኑ የተቆጣ ስለሆነ ነው እንጂ ሰውየው ስለሚያጋንን አይደለም።

ይህን በግልጽ ያሳየ፣ ለንደን ውስጥ የተካሄደ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ቀላልና መካከለኛ አስም ያለባቸው 60 ጎልማሶች አንድ ቀን የናፍጣ አውቶቡሶችና ታክሲዎች በሚርመሰመሱበት ኦክስፎርድ ጎዳና፣ ሌላ ቀን ደግሞ እዚያው አቅራቢያ ባለው ሃይድ ፓርክ ለሁለት ሁለት ሰዓት ተራመዱ። ሰዎቹ እነዚያው፣ ከተማውም ያው ነው። በአንድ ሰከንድ በኃይል የሚያስወጡት አየር በጎዳናው ከፓርኩ ይበልጥ ቀነሰ፤ ቅናሹ እስከ 6 በመቶ ደርሷል። አክታቸው ላይም የመቆጣት ምልክት ታየ። «6 በመቶ ምን አላት?» የሚል ይኖራል። ለእነዚያ ተራማጆች በእርግጥ ትንሽ ነበረች። ነገር ግን ሕመሙ የጸናበት፣ ወይም ጉንፋን የያዘውና ቧንቧው አስቀድሞ የጠበበ ሰው ያቺን ትንሽ ከየት ያመጣታል? መንገድ ዳር የሚነግድ ወይም ጭስ በሞላው ማድቤት የሚውል ሰው ደግሞ በሁለት ሰዓት አይገላገልም።

እዚያው ለንደን፣ ትልቅ መንገድ አጠገብ ትኖር የነበረችው ኤላ አዱ ኪሲ ዴብራ ሆስፒታል ከ20 ጊዜ በላይ ተመላልሳ እ.ኤ.አ. በ2013 በ9 ዓመቷ በአስም ሞተች። እ.ኤ.አ. በ2020 የሞቷን ምክንያት የመረመረው ባለሥልጣን የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን በይፋ ወሰነ። ከውሳኔው ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ስለ እናቷ የተነገረው ነው፤ ብክለት አስሟን እንደሚያባብስ ማንም አልነገራትም ነበር። ይህ ምዕራፍ የተጻፈውም ለዚሁ ነው።

ብዙዎች ሥራችንና ኪሳችን ከመኪና መንገድ እንድንርቅ አይፈቅዱልንም። የቤቱ ጭስ ግን በከፊልም ቢሆን በእጃችን ነው። እንጀራ ሲጋገር፣ በርበሬ ሲታመስ፣ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ታማሚው ሌላ ክፍል ወይም ደጅ ይሁን፤ የሚቻለው በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግር። መስኮት ሲከፈት የመኪና ጭስ ይገባል የሚለው ስጋት እውነትነት አለው፤ ስለዚህ መንገዱን የማያየው መስኮት ይመረጥ፣ መኪና የሚበዛበት ሰዓትም ይታለፍ። ለብርዱ ብርድ ልብስ ይደረብ፣ አፍና አፍንጫ በነጠላ ይሸፈን፤ ነጠላው ቅዝቃዜውን ያለዝባል እንጂ ደቃቁን ብናኝ አያግድም። ከሰል ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ ወጥቶለት ቢገባም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን ስለማያቆም ለማንም መኝታ ክፍል አይሆንም።

ጭስ ቀነሰ ተብሎ ግን መድኃኒት አይቋረጥም። ሲያፍን የሚነፋው ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፤ እብጠቱን ግን አያበርድም። እብጠቱን የሚያበርደው ሐኪም በየቀኑ እንዲወሰድ የሚያዘው ሌላው የሚሳብ መድኃኒት ነው፤ ይህም ደህና በሆኑበት ሰሞን ጭምር የሚወሰድ ነው። ሳልቡታሞሉ ከወትሮው ቶሎ ቶሎ የሚያስፈልግ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ቤት ውስጥ ምን እንደሚነድና የት እንደሚነድም ይንገሩት።